ሽበትና ሸንጎ፦ ዕድሜ በደቡብ ኦሞ ታሪክ ውስጥ

«ሽማግሌ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉሞችን አዋህዶ የያዘ ነው። በአንድ በኩል ዕድሜው የገፋን ሰው ያመለክታል፤ በሌላ በኩል የተጣሉትን የሚያስታርቀውን፣ ለጋብቻ የሚላከውን፣ ደም የተቃቡትን ካሣ አስከፍሎ የሚያቀራርበውን ሰው ይጠራል። «ሽምግልና»ም እንዲሁ እርጅናም ነው፣ ሥራም ነው። ቃሉን ያወረሰው ኅብረተሰብ ሁለቱን ነገሮች በሁለት ስም መጥራት አላስፈለገውም፤ በእርሱ ዘንድ ማርጀት ከሥራ መውጣት ሳይሆን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሸጋገር ነበርና። «ጡረታ» የሚለውም ቃል የተገኘው «መጦር» ከሚለው ግሥ ነው። መጦር ልጅ ለወላጁ የሚፈጽመው ግዴታ ነበር፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ለዚህ ምስክር ነው። ዛሬ ግን «ጡረታ ወጣ» ሲባል በአድማጩ አእምሮ የሚቀረጸው የልጅ ፍቅር ሳይሆን የተዘጋ የቢሮ በር ነው።

ሰውን በሥራውና በችሎታው ሳይሆን በዕድሜው ብቻ መዝኖ ማግለል፣ መናቅ ወይም አፉን ማዘጋት በዓለም ዙሪያ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ስለ እርጅና ያጠና የነበረው አሜሪካዊ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1969 ድርጊቱን ከዘርና ከፆታ አድልዎ ጎን አሰልፎ ስም አወጣለት። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ ስለ አረጋውያን የተዛባ አመለካከት እንዳለው ገልጿል፤ ወጣቶችም በዕድሜያቸው ምክንያት በሥራና በፖለቲካ መስክ እንደሚገፉ አስረድቷል። እንግዲህ በደሉ ሁለት አቅጣጫ አለው። ሽበት ያለውን «ጊዜው አልፎበታል» ይለዋል፤ ጢም ያላበቀለውን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ያባርረዋል።

ይህን ጉዳይ ከኢትዮጵያ ታሪክ አኳያ ለመመርመር ለሚሻ ሰው ከደቡብ ኦሞ የተሻለ ምድር በቀላሉ አይገኝም። ለረጅም ጊዜ ጂንካን መናገሻው አድርጎ የቆየው፣ ቀድሞ በገሙ ጎፋ ክፍለ ሀገር ሥር የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል የነበረው ይህ አገር፣ ከአሪ ደጋ እስከ ቱርካና ሐይቅ ቆላ ድረስ አሪን፣ ማሌን፣ ሐመርን፣ በናን፣ ፀማይን፣ ካሮን፣ ሙርሲን፣ ቦዲን፣ ኛንጋቶምን፣ ዳሰነችንና ሌሎችንም ሕዝቦች አቅፎ የያዘ ነው። ከእነዚህ ሕዝቦች መካከል ብዙዎቹ ንጉሥም ሆነ ቋሚ ጦር፣ ደመወዝተኛ ዳኛም ሆነ ወህኒ ቤት ሳይኖራቸው ለብዙ ትውልድ በሥርዓት ኖረዋል። ሥርዓቱን ያቆመው አንዱ ዋነኛ ምሰሶ ዕድሜ ነበር።

ዕድሜ እንደ ሹመት

በሐመር አንድ ወጣት በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ካላለፈ ለአካለ መጠን እንደደረሰ አይቆጠርም። ሥርዓቱን ለመፈጸም የተዘጋጀው «ኡኩሊ» ይባላል፤ ከብቶቹን ከዘለለ በኋላ «ማዝ» ይሆናል፤ አግብቶ ጎጆ ሲቀልስ ደግሞ ከ«ዶንዛዎቹ» ማለትም ከአባወራዎቹ ይቆጠራል። የዶንዛዎቹ ማዕረግ ባዶ ክብር አይደለም። ባርጆን መጥራት የእነርሱ ሥራ ነው። ባርጆ ዝናብ እንዲዘንብ፣ ከብት እንዲረባ፣ ሕፃን እንዲያድግ የሚያደርግ ጸጋ ሲሆን፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አንዱ እየመራ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይጠሩታል። አገር በድርቅ ሲመታ ወይም በጠብ ሲታመስ የሚጠየቁትም እነርሱ ናቸው።

በሙርሲ ደግሞ ወንዶች በዕድሜ እርከን ይከፈላሉ። ለጎልማሳነት ገና ያልበቁት «ቴሩ»፣ ጎልማሶቹ «ሮራ»፣ ሽማግሌዎቹ «ባራ» ይባላሉ። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚሻገሩት «ኒታ» በሚባለው ታላቅ ሥርዓት ነው። በኒታ ማንም ብቻውን አያድግም፤ እኩዮቹ ሁሉ አብረውት ያድጋሉ፤ እነርሱ ሲያድጉም በላያቸው ያሉት አንድ እርከን ከፍ ይላሉ። ስለዚህ የአንዱ እርጅና የሌላው ጉልምስና ነው። ሽበት በግል የሚደርስ መከራ ሳይሆን ሕዝብ በአደባባይ የሚሰጠው የወል ማዕረግ ይሆናል።

የኛንጋቶም ሥርዓት ከዚህ የረቀቀ ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሰርዥ ቶርኔ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዳጠናው፣ ኛንጋቶሞች የሚደለደሉት በተወለዱበት ዓመት ሳይሆን በአባታቸው ትውልድ ነው። ዝሆን፣ ሰጎን፣ ጎሽ እየተባሉ በአራዊት ስም ከሚጠሩት ትውልዶች መካከል የዝሆኖች ልጅ ሁሉ ሰጎን ነው፤ የበኩር ልጅም ይሁን የመጨረሻ። ከዚህም የተነሣ በዓመት የሚያንሰው በትውልድ «አባት» ሊሆን፣ ጢሙ የሸበተውም «ልጅ» ተብሎ በሬ አርዶ ሊያበላው ይችላል። የአገር አባትነት ሥልጣን በየትውልዱ ይተላለፋል፤ ተረኛው ትውልድ ግን ሥልጣኑን የሚረከበው አባቶቹን አክብሮና አብልቶ ነው።

በዳሰነች ደግሞ አንድ ወንድ የተከበረ ሽማግሌ የሚሆነው በሴት ልጁ በኩል ነው። «ዲሚ» የሚባለው ሥርዓት የበኩር ሴት ልጅ መካንነት እንዳያገኛት፣ ወልዳ እንድትከብድ የሚመረቅበት ታላቅ ድግስ ሲሆን፣ አባት ከብቱን አሳርዶ ይህን ሲፈጽም ከታላላቆቹ ጎራ ይገባል። ሴት ልጅ የሌለው ወይም የሚያርደው ያጣ ሰው ዓመታቱ ብቻ ወደዚህ ማዕረግ አያደርሱትም።

እነዚህ አራት ሥርዓቶች በዝርዝራቸው ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ዕድሜ በእነርሱ ዘንድ የዓመታት ቁጥር አይደለም። ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ከብት ታርዶ፣ ግዴታ ተቆጥሮ የሚሰጥ ሹመት ነው። ሹመት እንደመሆኑም ሥራ አለው፦ መመረቅ፣ ማስታረቅ፣ የግጦሽና የእርሻ ጊዜን መወሰን፣ ያለፈውን ማስታወስ። ሽማግሌ የሚከበረው አርጅቶ ስለተቀመጠ ሳይሆን በዚህ ሥራ ላይ ስለተሠየመ ነው።

የሥርዓቱ ጉድለት

ይሁንና ያለፈውን በጭፍን ማወደስ ከታሪክ ጸሐፊ አይጠበቅም። ዕድሜን ሹመት ያደረገ ሥርዓት ሹመቱን የመንፈግም ኃይል ነበረው።

ለዚህ ግልጹ ምሳሌ የሙርሲ ኒታ ነው። ከ1961 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሙርሲ መካከል የኖረው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ዴቪድ ተርተን እንደዘገበው፣ በጥር 1983 ዓ.ም. ኒታ ሲከናወን ከዚያ በፊት የነበረው ከተፈጸመ 30 ዓመት አልፎት ነበር። በእነዚያ 30 ዓመታት ውስጥ የ1960ዎቹ ድርቅና ረሀብ፣ ከጎረቤት ጋር የተደረገ ጦርነት፣ አዲስ መሬት ፍለጋ ወደ ማጎ ሸለቆ የተደረገ ፍልሰት አልፈዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ዕድሜያቸው ወደ አርባዎቹ የገባ ወንዶች በሥርዓቱ ዓይን ገና «ልጆች» ነበሩ። ጦር የመከቱት፣ ከብት የጠበቁት፣ በረሀብ ዘመን ቤተሰብ ተሸክመው የተሰደዱት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ የጎልማሳነት ማዕረግ አልነበራቸውም። ማዕረጉን የሚሰጡት ከእነርሱ በላይ ያሉት ናቸው፤ በላይ ያለው ደግሞ ለታናሹ ቦታ ለመልቀቅ መቼም አይቸኩልም። ደርግ ሊወድቅ አራት ወር ሲቀረው የተደረገው ያ ሥርዓት ለአንድ ትውልድ የዘገየ ፍትሕ ነበር ማለት ይቻላል።

በሐመርም ታናሽ ወንድም ታላቁ ሳይዘል ከብት መዝለል አይችልም፤ ታላቁ ከዘገየ ታናሹም አብሮ ይዘገያል። በማሌ የበኩር ልጅነት ከቤት እስከ አገር የተዘረጋ መሰላል ነበር። ታላቅ ወንድም ለታናናሾቹ፣ የጎሣ አንጋፋ ለጎሣው፣ ከሁሉም በላይ «ካቲ» የሚባለው ባህላዊ ንጉሥ ለሕዝቡ በአባቶች መንፈስ ፊት ይቆም ነበር። ማሳ የሚባረከው፣ መከር የሚቀመሰው በዚህ ተዋረድ ነው። ታናሽ ሆኖ የተወለደ ሰው ቢተጋም ባይተጋም ታናሽ ነው።

የሴቶች ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። በሙርሲ ያገባች ሴት የምትቆጠረው በባሏ እርከን ነው። በዳሰነች የሴት ልጅ መውለድ ለአባት ማዕረግ ያስገኛል፤ ለእናት ግን እኩል የሆነ የሸንጎ ወንበር አያስገኝላትም። አማርኛም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። «ሽማግሌ» አስታራቂም ማለት ሲሆን «አሮጊት» ግን እርጅናን ብቻ ይናገራል። የአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶች አፈር ከመምረጥ እስከ ማሰሮ መተኮስ ድረስ ያለውን ሙያ ከእናት ወደ ልጅ ሲያወርሱ፣ የሐመር ባልቴቶች የማሽላውን ዘርና ማሳ ለይተው ሲያውቁ ኖረዋል። ይህ ዕውቀት የሕዝብ ኑሮ የቆመበት ሆኖ ሳለ በአደባባይ ሹመት አልሆነም። ተመራማሪዋ ጂን ሊዳል እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በተከታታይ በተሠሩት የሐመር ሴቶች ፊልሞች ላይ ወጣቶቹም ሆኑ በዕድሜ የገፉት ሴቶች በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ማድረጓ ለዚህ ነው ትልቅ ቁም ነገር የሚሆነው።

«ያረጀ ያፈጀ»

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ በኢትዮጵያ ከተሞች አደባባይ በብዛት ከተሰሙት ሐረጎች አንዱ «ያረጀ ያፈጀው ሥርዓት» የሚለው ነበር። ሐረጉ የታለመው በባላባታዊው ሥርዓት ላይ ነው። ገባሩን ከመሬቱ ነቅሎ ያስለቀሰውን ሥርዓት በዚህ ስም መጥራት ተገቢ ነበር። የደቡብ ኦሞ አርሶ አደር በተለይም የአሪና የማሌ ገባር ከአፄ ምኒልክ ዘመቻ ወዲህ የከፈለውን ግብርና የተሸከመውን ጉልበት ለሚያውቅ፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ምን ያህል ታላቅ እፎይታ እንደነበር አያከራክርም። ነገር ግን ቃል እንደ እሳት ነው፤ ከተለኮሰበት ቦታ አይቆምም። እርጅና የክፋት ምሳሌ ሆኖ ሲቀርብ ከሥርዓቱ አልፎ ያረጁትን ሰዎች መንካቱ አልቀረም።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በታወጀው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ከፊሎቹ እስከ ማሌ ደረሱ። አሜሪካዊው ዶናልድ ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው የማሌ ታሪክ እንደተረከው፣ ዘማቾቹና በአካባቢው ማንበብ የቻሉት ወጣቶች፣ በተለይም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡት፣ በአዲሱ የገበሬ ማኅበር መሪነት ስፍራ ላይ ቆሙ፤ የካቲው ሥልጣንና የበኩር ልጅነት ተዋረድም ተናጋ። ትናንት በሸንጎ ዳር ቆሞ ያዳምጥ የነበረው ወጣት በአንድ ወቅት ውስጥ ሰብሳቢ ሆነ። ማንበብ መቻል አዲሱ ሽበት ነበር።

ይህ ለውጥ ፍትሕ ነበረበት፤ በደልም ነበረበት። ፍትሑ፣ ታናሽ ሆኖ መወለድ የዕድሜ ልክ ፍርድ መሆኑ ማብቃቱ ነው። በደሉ፣ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ መጻፍ የማይችለው ሽማግሌ የማይናገርም ተደርጎ መታየቱ ነው። ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከእርሱ ጋር የነበራቸው ጠብ የሥርዓት ጠብ እንደሆነ ያምኑ ነበር። ሽማግሌው ግን እንደ ሰው ተናቀ። ወጣቱም ቢሆን ከዚህ አላተረፈም። «የለውጥ ኃይል» ተብሎ የተወደሰው ትውልድ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር አለቀ፤ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅም ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ዕድሜ ወደ ጦር ግንባር ቆጠረው። ሽበት በስድብ፣ ወጣትነት በሞት ተከፈለ።

በአንድ ዓመት የሆኑ ሁለት ነገሮች

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ብዙ ሚሊዮን ጎልማሶችና አረጋውያን ከልጆቻቸው ዕድሜ መምህራን ፊት ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ለማግኘት የበቃ ታላቅ ሥራ ነበር። በዕድሜ ላይ የተነገረውን ከንቱ አባባል ሁሉ በተግባር ያፈረሰም እርሱ ነው፤ የሸበተ ሰው መማር አይችልም የሚለውን ብሂል ገበሬው ራሱ በእርሳሱ ሰረዘው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል የደቡብ ኦሞ ቋንቋ አንድም አልነበረም። የሐመር ወይም የአሪ ሽማግሌ ፊደል ለመማር በመጀመሪያ የሰው ቋንቋ መማር ነበረበት። በመዝገብ ላይም «መሃይም» የሚለው ቃል ከስሙ ፊት ሰፈረ።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ስለ ሐመር ሕዝብ ሦስት ቅጽ ያለው መጽሐፍ በጀርመን አገር ታተመ። አዘጋጆቹ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሐመር የኖሩት ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል ናቸው። የሁለተኛው ቅጽ ባለቤት ግን አንድ የሐመር ሰው ነበሩ። ባልዳምቤ በሚለው ስማቸው የታወቁት አይኬ በሪናስ፣ ሕዝባቸው ከየት እንደመጣ፣ ቢታዎቹ እሳት አንድደው አገሩን እንዴት እንዳቀኑ፣ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ ከብት እንዴት እንደሚዘለል፣ ሚስት እንዴት እንደምትገባ፣ ማሳ እንዴት እንደሚዘራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ፤ ተመራማሪዎቹም የተናገሩትን ጻፉ። መጽሐፉም የእሳቸውን ስም በርዕሱ ተሸክሞ ወጣ። ሦስተኛው ቅጽ ደግሞ ዳምባይቲ በምትባል መንደር የተደረጉ የመንደርተኞች ጭውውቶችን የያዘ ነው።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሳሉ። ባልዳምቤን የመሰሉ ሰዎች በአንዱ መዝገብ ላይ «ምንም የማያውቁ» ሲባሉ፣ በሌላው ላይ የአንድ ሕዝብ ታሪክ ደራሲ ሆነው ቀርበዋል። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለያየው የጠያቂው ጥያቄ ነው። ዘመቻው «ምን ያንሰዋል?» ብሎ ጠየቀ፤ ተመራማሪዎቹ «ምን ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ነበሩ። ስሕተቱ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን መንግሥታዊ ሆኖ መቅረቱ ነው። ባልዳምቤን ሊጠይቁ የሚችሉ የኢትዮጵያ መምህራንና ደራስያን በጂንካና በአርባ ምንጭ ነበሩ። የመጽሐፉ መታተሚያ ግን ባሕር ማዶ ሆነ።

የቢሮ ዘመን አቆጣጠር

የሙርሲ ኒታ ለ30 ዓመት በቆየበት ዘመን በአዲስ አበባ ሌላ የዕድሜ ሥርዓት እየተገነባ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 የሥራን ዘመን በ55 ዓመት ዘጋው፤ አዋጅ ቁጥር 345/1995 ወሰኑን ወደ 60 አሳደገው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞችንም በጡረታ ጥላ ሥር አገባ። አዋጆቹ ለሠራተኛው ትልቅ ድል ናቸው። ጧሪ ልጅ የሌለው ሰው በእርጅናው የሰው እጅ እንዳያይ አድርገዋል። ከዚህ አኳያ ከጥንቱ «መጦር» ጋር አይጣሉም።

ሆኖም ቢሮው ዕድሜን የሚቆጥርበት መንገድ ከሸንጎው ፍጹም የተለየ ነው። በሸንጎው ዕድሜ በምስክር ፊት ይሰጥ ነበር፤ በቢሮው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በቅጹ ላይ የተሞላው ቁጥር እስከ መጨረሻው ይገዛዋል። በኢትዮጵያ መደበኛ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ መሆኑን ላስታወሰ፣ በደቡብ ኦሞ ከዚያ በፊት በቅጹ ላይ የሰፈረው ቁጥር በብዙ ሰው ዘንድ ከግምት የመጣ እንደነበር ለመረዳት አይከብድም። በድርቁ ዓመት፣ በጎርፉ ወቅት ወይም በእገሌ ጦርነት የተወለደ ልጅ በጸሐፊው ብዕር «ዕድሜ 22» ተባለ። ከአርባ ዓመት በኋላ ያ ግምት ብርቱውን መምህር ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ያነሳዋል፤ የደከመውን ደግሞ ያቆየዋል።

ችግሩ የጡረታ ወሰን መኖሩ አይደለም። ከወሰኑ ማዶ ሥራ አለመኖሩ ነው። ባራ የሆነ ሙርሲ ከሮራነት ሲወጣ ወደ ባራነት ሥራ ይገባል፤ ከቢሮ የተሰናበተ ሰው ግን ወደ ምንም ይገባል። አርባ ዓመት ሕፃናት ያስተማረች መምህርት በተሰናበተች ማግስት ትምህርት ቤቱ ምክሯን የሚጠይቅበት ወግ የለውም። በሌላው ጫፍ ደግሞ የ1996 ዓ.ም. ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ምሩቅ ሥራ ሲፈልግ «ልምድ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ይገጥመዋል፤ ጎልማሳው በፋንታው «ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ» የሚል ያነባል። አንዱ ገና ስለሆነ፣ ሌላው ስላለፈ ይመለሳሉ። በስብሰባም ቢሆን ወጣቱ ለጭብጨባ፣ ሽማግሌው ለምርቃት ይጋበዛሉ፤ አጀንዳው ሲመጣ ሁለቱም አዳማጭ ናቸው።

ወንዙ ሲለወጥ

በዕድሜ የሚከበር ዕውቀት መሬት ላይ የቆመ ነው፤ መሬቱ ሲለወጥ ክብሩም ይነቃነቃል። የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ለብዙ ዘመን ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። ውኃው እስከየት እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚሸሽ፣ የትኛው ዳርቻ በየትኛው ዓመት እንደሚዘራ የረጅም ዘመን ትዝታ ያለው ሰው ያውቅ ነበር። ወንዙ ግን የሚታመን ብቻ አልነበረም፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድንገት ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎችን ወስዷል።

በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ የጥንቱ ዓመታዊ ሙሌት ቀረ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የኩራዝ የስኳር ልማትም መስኖን፣ ትራክተርንና ካምፕን ይዞ መጣ። አገሪቱ ከእነዚህ ሥራዎች የምታገኘው ብርሃንና ምርት በሌላ ሚዛን የሚታይ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በሸንጎው ውስጥ የፈጠሩት ለውጥ ነው። ወንዙን የሚያነበው ሽማግሌ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ፤ አማርኛ የሚናገረውና ቅጽ የሚሞላው ወጣት ደግሞ የሕዝቡ አንደበት ሆነ። ከመሐንዲሱና ከአስተዳዳሪው ጋር የሚነጋገረው እርሱ ነው፤ ሽማግሌው የተናገረውን የሚያደርሰው፣ የሚያሳጥረውም እርሱ ነው። ከዚህ ወጣት ትከሻ ላይ የወደቀው ሸክም ቀላል አይደለም። በቢሮው ዘንድ ገና ልጅ ነው፤ በአባቶቹ ዘንድ ደግሞ ሹመት ሳይሰጠው የሚናገር ደፋር ነው። ሁለቱ የዕድሜ ሥርዓቶች ያጣሉትን ሰው ሁለቱም አያመሰግኑትም።

ሚዛኑ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ወደ ጥንቱ ሸንጎ ተመለሱ የሚል አይደለም። በአርባ ዓመቱ «ልጅ» የተባለው ሙርሲ፣ ታናሽ በመሆኑ የተዘነጋው ማሌ፣ በባሏ እርከን የተቆጠረችው ሴት ይህን መንገድ ዘግተዋል። ወጣቱን ብቻ አንግሦ ሽማግሌውን «ያረጀ ያፈጀ» ማለትም አያዋጣም፤ ያም ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። ከደቡብ ኦሞ ሥርዓቶች ሊወሰድ የሚገባው ፍሬ አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ዕድሜ የታወቀ ሥራ መስጠት፣ ሥራውንም በአደባባይ ማክበር። ሊጣል የሚገባው ገለባ ደግሞ ያን ሥራ በትውልድ ቅደም ተከተልና በፆታ ቆልፎ መያዝ ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለመናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጂንካ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቷል። ባልዳምቤ የተናገሩትን የመሰለ ቃል ለመቅዳት ዛሬ ባሕር መሻገር አያሻም። የጎደለው አረጋዊቷ ሸክላ ሠሪና አረጋዊው የሸንጎ ተናጋሪ በክፍል ውስጥ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ መምህር፣ ለድካማቸውም ተከፍሏቸው የሚቀርቡበት ሥርዓት ነው። በአካባቢ ቋንቋ የሚያስተምር መምህር የቃላቱን ጥልቀት ከእነርሱ የተሻለ የሚጠይቀው የለም። የካድሬውና የአስተዳዳሪው ድርሻ ደግሞ በስብሰባው ላይ ማን እንደተገኘ ሳይሆን ማን እንደተናገረና የተናገረው በቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩን መቁጠር ነው፤ የሃያ ዓመቷ ወጣትም፣ የሰባ ዓመቷ ባልቴትም።

የኪነ ጥበብ ሰውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በመድረክ ላይ ምርኩዝ ይዞ የሚንቀጠቀጥ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ወጣት ሴት የሚከጅል ሽማግሌ ለሣቅ የሚጠራ ቀላል መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ወጣቱም ያለ ሱስና ያለ ጠብ ብዙም አይጻፍም። ተመልካቹ ስቆ ወደ ቢሮው ሲመለስ ያንኑ ሥዕል በባልደረባው ላይ ይለጥፋል። ደራሲ አንድን ገጸ ባሕርይ ከመጻፉ በፊት ዕድሜውን ሳይሆን ሥራውን ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው ሰው ከሣቁ የሰፋ ይሆናል። የደቡብ ኦሞ ሸንጎ ለዚህ የሚሆን ድራማ ሞልቶታል፦ ማዕረጉን ለመልቀቅ የሚያቅማማ ባራ፣ ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ቴሩ፣ በሁለት ቋንቋ መካከል የተያዘ አስተርጓሚ፣ ሁሉንም የምታውቅና ማንም የማይጠይቃት እናት። ገና አልተጻፉም።